ተንበርክከው የሚሳለሙት ድንጋይ

በሩ ይፍረስ ተብሎ የተወሰነ ዕለት ስንቅነሽ ስብሰባው ላይ አልነበረችም። ብትኖር ኖሮ አይወሰንም ነበር። ይህን እሷ ብቻ ሳትሆን የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ሀብተ ሥላሴም ያውቃሉ። ለዚህም ነው ስብሰባውን ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የጠሩት፤ ሾፌሮች ምሳ በሚበሉበት፣ ስንቅነሽ ከድስቷ አጠገብ ንቅንቅ በማትልበት ሰዓት።

ምግብ ቤቷ አዋሽ ከተማ፣ ዋናው አስፋልት ዳር ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም ከጅቡቲ የሚወጣውም ከባድ መኪና እዚያ ይቆማል። ወሬም ከመኪናው ጋር ይቆማል። ያን ቀን ወሬውን ይዞ የገባው ቢያድግልኝ ነበር፤ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ገልባጭ ሲኖ የሚነዳ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጋፋ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

«እትዬ፣ በራችሁ ሊፈርስ ነው አሉ» አላት እጁን እየታጠበ።

«የቱ በር?»

«የኪዳነ ምሕረት ነዋ! የድንጋዩ። በብረት በር ሊቀይሩት ነው። አሁን ከስብሰባ ሲወጡ አገኘኋቸው።»

ስንቅነሽ ጭልፋውን እንደያዘች ወጣች። ምስሩ እየተንተከተከ ቀረ፤ ሾፌሮቹም እየተያዩ ራሳቸው እየጨለፉ በሉ።

ኪዳነ ምሕረት ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ወዲህ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም፤ ቆርቆሮዋ በፀሐይ የነጣ፣ ግድግዳዋ ሁለት ሦስት ዓይነት ቀለም የተቀባ። የምታኮራው በቅጥሯና በበሯ ነው። ባቡሩ ሲገባ ከመጡት ግንበኞች አንዱ ሠራው ይባላል፤ የየት አገር ሰው እንደነበር፣ ስሙም ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባለ ኖራ። አጥሩ ዝናብ እንዳያድርበት አናቱ እንደ አህያ ጀርባ ክብ ተደርጎ ተሠርቷል። በሩ ደግሞ ሁለት ቅስት አለው፤ አንዱ ወደ መንገዱ፣ አንዱ ወደ ግቢው፣ መካከላቸው ጣራ ያለው እንደ ጠባብ ክፍል። የቅስቱ ድንጋዮች ከታች ጠበብ ከላይ ሰፋ ብለው ተጠርበው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ተደግፎ የቆሙ ናቸው። አንዷ ብትወጣ ሁሉም ይወርዳሉ። ግን አንዷም ወጥታ አታውቅም።

ስንቅነሽ ይህን በር የምትወድበት የራሷ ምክንያት አላት። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት፣ ባቡሩ ገና ሳይቆም፣ አንድ ሻንጣ ይዛ፣ ማንንም ሳታውቅ አዋሽ ወረደች። ሰዓቱ ቀትር ነበር። ሙቀቱ ከምድርም ከሰማይም ይመጣ ነበር። የመጀመሪያውን ጥላ ያገኘችው እዚህ ቅስት ሥር ነው፤ ከአዋሽ ገደል የሚመጣው ነፋስ እዚህ ሲያልፍ ይበርዳል። ከግንቡ ጋር የተያያዘ የድንጋይ መደብ ነበረ። እዚያ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀችና፣ «እንግዲህ እዚሁ እኖራለሁ» አለች። ኖረችም።

መደቡ ግን አሁን የለም። ማን እንዳስነሳው ስንቅነሽ ታውቃለች፤ አቶ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። አቶ ሀብተ ሥላሴ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «እኔ ከመጣሁ ጀምሮ መደብ የሚባል አላየሁም» እያሉ ይምላሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አታምናቸውም።

አሁንም በሩ ሥር ቆመው አገኘቻቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ቀጭን፣ ሜትር ከኪሳቸው የማይለይ። አጠገባቸው የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ተክለ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«መደቡን አስነሡ፤ ዝም አልኩ» አለች ስንቅነሽ ገና ሳትደርስ። «አሁን ደግሞ በሩን?»

«መቼ ነው ዝም ያልሽው?» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ። «መጀመሪያ ጭልፋውን አውርጂ።»

«በሩ ምን አደረገዎት?»

«ምን አደረገዎት ትላለች! አምና አልነበርሽም? ጃንጥላው ሲቀደድ አላየሽም? መካከሉ ላይ ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ነው። ለክቼዋለሁ። ታቦት በራሱ ላይ የተሸከመ ካህን በዚህ እንዴት ይለፍ?»

ስንቅነሽ አምና ነበረች። አይታለች። በንግሡ ዕለት አባ ተክለ ማርያም ታቦቱን ይዘው ከበሩ ሲደርሱ ጃንጥላው ቅስቱን መታና ተተረተረ፤ እሳቸውም ጎንበስ፣ ጎንበስ፣ እንደገና ጎንበስ እያሉ፣ ሁለት ዲያቆናት ከግራ ከቀኝ ደግፈዋቸው ነው ያለፉት። ሴቶቹ ጮኹ። እሷም ጮኻለች።

«ልጄ፣ እኔም ልቤ አይወድም» አሉ አባ ተክለ ማርያም ቀስ ብለው። «ግን ታቦት ተሸክሜ ዳግመኛ አልጎነብስም። ካቻምናም እንዲሁ ነበር፤ በየዓመቱ እየባሰብኝ ነው። ምናልባት እኔ አርጅቼ ይሆናል።»

«ከሰመራ ግንበኛ ይመጣል» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ። «ጀማሉዲን ይባላሉ፤ በድንጋይ ሥራ የታወቁ ናቸው። ይህን አፍርሰው ሁለት ዓምድ ያቆማሉ፤ የብረት በሩም እዚያው ሰመራ እየተበየደ ነው። ለየካቲት አሥራ ስድስት ይደርሳል። አለቀ።»

«አላለቀም» አለች ስንቅነሽ።

ከመሄዷ በፊት እንደ ወትሮው የመስቀሉን ድንጋይ ልትሳለም ዞረች። ከቅስቱ በስተግራ አንድ ድንጋይ ላይ ትንሽ መስቀል ተቀርጿል፤ ስንት ዘመን ሲሳም ኖሮ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል፣ መሐሉም ጎድጉዷል። ድንጋዩ ያለው ጉልበት ላይ ነው። ስለዚህ የሚሳለም ሁሉ ይንበረከካል። የአዋሽ ኪዳነ ምሕረት ወግ ይህ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ቆሞ ግራ ሲገባው ዲያቆናቱ፣ «የጥንቶቹ ትሕትና እንዲህ ነበር» ብለው ይነግሩታል። ስንቅነሽ ግራ ጉልበቷን ያማታል፤ እያቃሰተች ወርዳ፣ ሳመች፣ እያቃሰተች ተነሳች። አቶ ሀብተ ሥላሴ እጃቸውን ዘረጉላት። አልያዘችም።

ማታውኑ ቢያድግልኝን ጠየቀችው። «ነገ የት ነህ?»

«ወደ ሰመራ። ባዶዬን።»

«ባዶህን አይደለህም» አለችው።

ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ስንቅነሽ የያዘችው ሐሳብ አንድ ነው፤ ግንበኛው እንዳይመጣ ማድረግ። ግንበኛ ከሌለ የሚያፈርስ የለም፤ አዋሽ ያሉት ሁሉ ብሎኬት ነው የሚያውቁት፣ ቅስት ላይ መዶሻ የሚያነሣ ወኔ የላቸውም። ገዋኔን አልፈው፣ አዳይቱን አልፈው፣ ሎጊያ ላይ ሻይ ጠጥተው፣ ሰመራ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው።

ጀማሉዲንን ያገኙት አንድ ግቢ ውስጥ የድንጋይ አጥር ሲሠሩ ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ስድሳውን ያለፉ፣ ጢማቸው ሂና የተቀባ፣ እጃቸው ራሱ ድንጋይ የመሰለ። ሸራ ጥላ ሥር ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል።

«በር አፍራሹ እርስዎ ነዎት?» አለች ስንቅነሽ። ሰላምታ አስከትላለሁ ብላ ነበር፤ ረሳችው።

«እኔ በር ሠሪ ነኝ እህቴ» አሉ ጀማሉዲን። «አፍራሽ ነህ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ቁጭ በይ። ሻይ አምጡላት።»

ቁጭ አለች። ከአዋሽ መምጣቷን፣ በሩ መቼም መፍረስ እንደሌለበት፣ ሥራውን እንቢ ቢሉ ዱዓ እንደሚሆንላቸው፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። እሳቸው እስክትጨርስ ሰሙና፣ «እንቢ አልልም፤ ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። «ግን በሩን አላየሁትም። በስልክ ‹አጭር አሮጌ በር ነው› ነው ያሉኝ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

ጠጠር ሰጧት። ስንቅነሽ መሬት ላይ ደረደረች፤ ይህ አጥሩ፣ ይህ አንዱ ቅስት፣ ይህ ሌላው። ጀማሉዲን አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«መካከል ላይ ክፍል ካለ፣ ሰው የት ይቀመጣል?»

«መደብ ነበረው። አስነሡት።»

«ከግንብ ጋር ተያይዞ የተሠራ መደብ ማን ያነሣል? ግንቡ አብሮ ይነሣል እኮ። እሺ፤ ውኃው በየት ይወጣል? አጥሩ ሥር ቀዳዳ የለም?»

«የለም። ሲዘንብ ውኃ ይተኛበታል። በዚያ በኩል አጥሩ ጎብጧል።»

«ቀዳዳ የሌለው የድንጋይ አጥር» አሉ ጀማሉዲን፣ ቅር ብሏቸው። «እንዲህ ዓይነት ቅስት የሚያውቅ ሰው ቀዳዳውን አይረሳም። መዝጊያውስ?»

«የእንጨት ነው። ጥሩ እንጨት። ከታች ሁለቴ አስቆርጠነዋል።»

«ለምን?»

«አሸዋው እየያዘው፣ አልከፈት እያለ።»

ጀማሉዲን ሻያቸውን አስቀመጡ። «ሁለቴ?»

«ሁለቴ።»

«ማጠፊያው ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ ከላይ፣ አንዱ እዚህ ታች፣ መሬቱ ጋ።»

ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ የመስቀሉን ድንጋይ ነገረቻቸው፤ ሰው ሁሉ እንዴት ተንበርክኮ እንደሚስመው፣ ድንጋዩ እንዴት እንደለሰለሰ፣ ጉልበቷን እንዴት እንደሚያማት። ጀማሉዲን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ትከሻቸው ተነቀነቀ። በመጨረሻ አልቻሉም፤ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«አስተግፊሩላህ! በሃይማኖታችሁ አልሳቅሁም እህቴ፣ ወላሂ አልሳቅሁም» አሉ ዐይናቸውን እየጠረጉ። «ግን አስቢው። የቆመ ሰው ፊት የት ነው? ድንጋዩስ የት ነው? በሩ አላጠረም። መሬቱ ነው ያደገው። በራችሁ ወገቡ ድረስ ተቀብሮ ነው የቆመው። መፍረስ ሳይሆን መቆፈር ነው የሚያስፈልገው።»

«መሬት ያድጋል እንዴ?»

«ሰው ካሳደገው ያድጋል። እንዲያው፣ እዚያ አካባቢ አሸዋ የሚደፋ ሰው አለ?»

ቢያድግልኝ አፉን ከፈተ። ስንቅነሽ እግሩን ረገጠችው።

አሸዋ የሚደፋ ሰው አለ። ማን እንደጀመረውም ስንቅነሽ ታውቃለች። አዋሽ በመጣች በዓመቱ አንድ ሾፌር ፍሬን እንቢ ብሎት፣ ኪዳነ ምሕረትን ጠርቶ ተርፎ፣ «እትዬ፣ ምን ልሳል?» ብሎ ጠየቃት። «ሻማ አትሳል» አለችው። «የአዋሽ ሙቀት ሻማውን ሳይበራ ያጎብጠዋል። አንድ መኪና አሸዋ ተሳልና በሩ ላይ ድፋ፤ ክረምት ጭቃ ነው።» ደፋ። ከእሱ የሰማው ደፋ። ሚስቱ የወለደችለት ደፋ፤ ጎማው በረሃ ላይ ፈንድቶ ያልተገለበጠው ደፋ። ቀይ አሸዋ ከፈንታሌ በኩል፣ ገረጋንቲ ከመንገድ ሥራ፣ በየዓመቱ ስድስትም ሰባትም መኪና። ሴቶች በአካፋ ይበትኑታል፣ ሰው ይረግጠዋል፣ ይጠቀጠቃል። በዓመት ሁለት ሦስት ጣት ቢጨምር ማን ያያል? በዚያ ላይ አዋሽ ሰው አይከርምባትም። የባቡሩ ሰዎች ባቡሩ ሲቆም ሄዱ፤ የመንግሥት ሠራተኛው ዝውውር ሲመጣለት ይሄዳል። የከረመችው ስንቅነሽ ናት፤ እሷም አላየችም።

በማግስቱ ጀማሉዲን መዶሻቸውን፣ ኖራ የሚለጥፉበትን ካዞላና የግንብ ቀጥታ የሚለኩበትን ቱምቢ በከረጢት ይዘው አብረው መጡ። ስንቅነሽ መካከል ተቀመጠች። አዳይቱ ላይ ጀማሉዲን ሊሰግዱ ወረዱ። ቢያድግልኝ መሪው ላይ ተደግፎ አያት።

«እትዬ።»

«ዝም በል።»

«እኔ ብቻዬን አሥራ አንድ ቢያጆ አሸዋ ነው የደፋሁት።»

«ዝም በል አልኩህ!»

«ሰው አያውቅም እኮ። እኔም አልናገርም። በኪዳነ ምሕረት!»

ስንቅነሽ ጠፍጣፋውን በረሃ እያየች ሌላ ነገር ነበር የምታስበው። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት፣ ያን ቀን፣ ድንጋዩን ቆማ ነበር የሳመችው። ቀጥ ብላ። ትዝ ይላታል። ከዓመታት በኋላ ሰው ሁሉ ሲንበረከክ አይታ፣ «እኔ ያኔ ምን ዓይነት ትዕቢተኛ ነበርኩ?» ብላ ደነገጠችና ለነፍስ አባቷ ለአባ ተክለ ማርያም ተናዘዘች። አርባ ስግደት አዘዙባት። ጉልበቷ የተበላሸውም ያን ጊዜ ነው።

«አርባ!» አለች ድንገት ጮክ ብላ።

«ቢያጆ?» አለ ቢያድግልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ጀማሉዲን ወግ አክባሪ ናቸው፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው፣ ቱምቢያቸውን አንጠልጥለው፣ ያዩትን በአጭሩ ተናገሩ፤ በሩ እንደተቀበረ፣ ቢቆፈር አንድ ሜትር ያህል ቁመት እንደሚያገኝ፣ ኮሚቴው አፍርስ ካላቸው ግን ነገውኑ እንደሚያፈርሱ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም ሐሳብ ነው። ግን አይሆንም። ያ አሸዋ የስለት አሸዋ ነው። ለእመቤታችን የተሰጠ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የገባን ስለት በአካፋ ዝቆ ማውጣት ምን ይባላል? በሩን ብናፈርስ ነውር የለውም፤ የተሻለ እንሠራለን። ስለት ማውጣት ግን...» ሕዝቡም አጉረመረመ። እውነት ነው፣ ስለት አይወጣም።

ቢያድግልኝ ስንቅነሽን አየ። ስንቅነሽ መሬቱን አየች። ዝም ብትል በሩ ነገ ይፈርሳል። ብትናገር ደግሞ አቶ ሀብተ ሥላሴ ዕድሜ ልካቸውን አያርፉላትም።

«ስለቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«እኔ ነኝ! ማንም መልአክ አሸዋ ተሳሉ አላላቸውም። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ምስር እየጨለፍኩ። ሃያ አራት ዓመት። ይህን በር በቁሙ የቀበርኩት እኔ ነኝ።» ጣቷን ወደ ቅስቱ ሥር ቀሰረች። «መደቡም እዚሁ ከግራ በኩል ነው ያለው። ቆፍሩ። መደብ ካልተገኘ የቅስቱን የመጀመሪያ ድንጋይ በእጄ እነቅላለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ በር ትንፍሽ አልልም።»

«ከተገኘስ?» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ።

ስንቅነሽ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ከተገኘ... አላስነሡትም ማለት ነው።»

«እና?»

«እና ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«በሕዝብ ፊት?»

«በሕዝብ ፊት።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ኮታቸውን አወለቁ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ወደ አባ ተክለ ማርያም ዞረው፣ «አባታችን፣ ስለቱን ከግቢው ሳናወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ጎርፍ የበላውን ቦረቦር ብንሞላበትስ? ስለቱ እዚሁ ቤቷ ይቆያል» አሉ። መልሱን ሳይጠብቁ፣ «አካፋ!» ብለው ጮኹ።

አባ ተክለ ማርያም እየሳቁ ባረኩ።

የአቶ ሀብተ ሥላሴን ያህል የቆፈረ ሰው አልነበረም። ወጣቶቹ ሲደክሙ እሳቸው ብሰው ነበር። ላይኛው ግራጫ ገረጋንቲ ነበር፤ ከሥሩ ቀይ፤ ከሥሩ ነጣ ያለ አሸዋ፤ እንደገና ቀይ፤ እንደ ተደራረበ ብርድ ልብስ። በዓሉ ተቃርቦ አዋሽ የነበሩ ሾፌሮች ሁሉ ጉድጓዱን ከበው ያዩ ጀመር።

«ይቺ ቀይዋ የእኔ ናት!» አለ ቢያድግልኝ። «የመጀመሪያ ልጄ የተወለደች ጊዜ!»

«ያቺማ የእኔ ናት። ሰርዶ ላይ ግመል ስቼ ያለፍኩ ዓመት ነው።»

«ግመሉ ነው አንተን የሳተህ!»

ከለስላሳ ቆርኪ፣ ከአንድ ነጠላ ጫማና ከተሰበረ ሲኒ በኋላ፣ የአቶ ሀብተ ሥላሴ አካፋ ቂው አለ። ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ። ጀማሉዲን ሲጠሯቸው ገብተው ተንበረከኩ፣ በእጃቸው ጠረጉት። ጥቁር፣ ቀጥ ያለ የድንጋይ ጠርዝ። ሰው ሲቀመጥበት የኖረ፣ መሐሉ የለሰለሰ መደብ።

«ማሻአላህ» አሉ ጀማሉዲን። «ይኸው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።»

እልልታው አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። አቶ ሀብተ ሥላሴ አካፋቸውን ተደግፈው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ ስንቅነሽን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«ይቅርታ» አለች ስንቅነሽ።

«አልሰማሁም።»

«ሰምተዋል።»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«ይቅርታ አልኩ! መደቡን አላስነሡም! አሥራ ሁለት ዓመት በከንቱ ነው የተቆጣሁት! ይበቃዎታል?»

«ይበቃኛል» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ፤ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ንጉሥ እግራቸውን ዘረጉ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ሙሉ ተቆፈረ። ሰው በባልዲ፣ በባሬላ፣ በማዳበሪያ ጆንያ አሸዋውን ወደ ጀርባ አመላለሰ። የአጥሩ የውኃ ቀዳዳዎች ሁሉም ወጡ፣ አንዱም አልጎደለም። ሦስተኛው ማጠፊያም ዝጎ ተገኘ። ጀማሉዲን የጎበጠውን የአጥር ክፍል ድንጋይ በድንጋይ አውርደው በኖራ መልሰው ሠሩት፤ ከመንገዱ ወደ በሩ የሚወርድ፣ ከበሩም ወደ ግቢው የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አበጁ። ሁለቴ የተቆረጠው መዝጊያ ብቻ መሳቂያ ሆነ፤ በሩ ሲረዝም እሱ እንደ ቁምጣ ሱሪ ከላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አዲስ እስኪሠራለት ተነሣ። ሰመራ የተበየደው የብረት በር ደግሞ ለጓሮው መግቢያ ሆነ፤ አቶ ሀብተ ሥላሴ ለክተውት ስለነበር ልክክ አለ፤ ይህን ለአንድ ወር ያህል አወሩ።

የካቲት አሥራ ስድስት ጠዋት፣ ታቦቱ ሲወጣ፣ ስንቅነሽ ከሴቶቹ ፊት ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አየች። አባ ተክለ ማርያም ደረጃውን ወረዱ። ጃንጥላው በላያቸው ተዘርግቷል፤ ቀይ፣ አዲስ፣ ዘርፉ የሚያብረቀርቅ። ቅስቱ ሥር ገቡ። አልጎነበሱም። ጃንጥላውም ቅስቱን አልነካም፤ በጃንጥላውና በቅስቱ መካከል ነፋስ የሚያሳልፍ ቦታ ቀረ። አባ ተክለ ማርያም እንደ ወጣት ቀጥ ብለው አለፉ። ስንቅነሽ እልል ማለት እንዳለባት እንኳ ረሳች፤ ከኋላዋ ያሉት አሉላት።

ታቦቱ ከገባ በኋላ አባ ተክለ ማርያም አጠገቧ ቆሙ። «ስንቅነሽ፣ ያ ቆሜ ሳምኩ ያልሽው ኃጢአት...»

«አርባ ስግደት ነበር አባቴ።»

«አርባ ነበር?» ጢማቸውን ዳሰሱ። «እንግዲህ የእኔ ዕዳ ነው። እኔ እሰግድልሻለሁ።»

«በአንድ ጊዜ አይሁን፤ ጉልበት ያበላሻል» አለች ስንቅነሽ።

ከዚያ የመስቀሉን ድንጋይ ልትሳለም ሄደች። ተራ ነበር፤ ሁሉም ቆሞ ይስማል፣ ማንም አይንበረከክም። ተራዋ ሲደርስ ቀረበች፣ ቀና አለች፤ ከንፈሯ ከድንጋዩ በታች ቀረ። እንደገና ሞከረች። አልደረሰም። ያኔ ከባቡር ስትወርድ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ እንደነበር አሁን ነው ትዝ ያላት።

ከጀርባዋ አቶ ሀብተ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ አካፋ አሸዋ ይደረግልሽ?»

ስንቅነሽ ዞር ብላ አላየቻቸውም። ነጠላዋን አጠበቀች፣ በእግር ጣቶቿ ተነሣች፣ ግንቡን በሁለት እጇ ያዘችና ሳመችው። ከዚያ ሄዳ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ በዚያች ቀን በተቀመጠችበት በዚያው ቦታ። ነፋሱ መጣ። ጫማዋን አወለቀች።

በማግስቱ ምሳ ላይ አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ድስቷ አጠገብ መጥቶ ቆመ። መኪናው ሚሌ አጠገብ ሊገለበጥ ጥቂት ቀርቶት ተርፏል።

«እትዬ፣ ለኪዳነ ምሕረት ምን ልሳል? አሸዋ ነው አሉኝ።»

ቢያድግልኝ ጉርሻውን አፉ ላይ ይዞ ቀረ። ስንቅነሽ ጭልፋውን አስቀምጣ ወደ ኪዳነ ምሕረት በኩል አየች።

«ጃንጥላ ተሳል» አለችው። «ዘንጉ ረጅም ይሁን። በራችን ከፍ ያለ ነው።»